ጋይሳይ፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ጀምበር ጥልቀት

በልጅነታችን ዘውድና ጎፈር ስንጫወት፣ ሳንቲሙ አየር ላይ እየተሽከረከረ ሳለ ማናችንም ያልጠየቅነው አንድ ጥያቄ ነበር። ጎፈሩ ግልጽ ነው፤ አንበሳው ነው። ዘውዱ ግን የት አለ? ስሙን ከንጉሡ ዘመን ሳንቲም ወረስነው እንጂ፣ 1969 ዓ.ም. የሚል በተቀረጸበት ዐሥር ሳንቲም ላይ ዘውድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በዘውዱ ቦታ የነበረው ቀንዱ የተጠማዘዘ አንድ የዱር እንስሳ ነው። በሰፈራችን ፍየል ነው የሚሉም ዋልያ ነው የሚሉም ነበሩ፤ እኔ ዋልያ ከሚሉት ወገን ነበርሁ። የደጋ አጋዘን መሆኑን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም እንደማይኖር ያወቅሁት፣ የታክሲ ረዳቶች ዐሥር ሳንቲም መልስ መስጠት ከተዉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ባለፈው ኅዳር ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ወደ ባሌ የሄድሁት ይህን የቆየ ዕዳ ልከፍል ነው ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ሻሸመኔን አልፎ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ሲኬድ ግራና ቀኙ የስንዴና የገብስ ማሳ ነው፤ አጨዳው ተጀምሯል፤ ፈረስ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ካባቸውን ለብሰው አስፋልቱን ተከትለው ይጓዛሉ። ዲንሾ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ መንገዱ ሰፊ የሣር ሜዳ ውስጥ ይገባል። ይህ ሜዳ ጋይሳይ ይባላል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ጫፍ ነው፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተና 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አብዛኛው ጎብኚ ግን ጋይሳይን በመኪና መስኮት አይቶ ያልፋል፤ ልቡ ያለው ከጎባ በላይ፣ ቀይ ቀበሮ በሚታይበት በሰነቴ አምባና 4,377 ሜትር ከፍታ ባለው በቱሉ ዲምቱ ነው። እኛም ወደዚያ የምንወጣው በማግሥቱ ነበር። ስለዚያ ቀን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ እዚህ የማወራው ስለ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

ዲንሾ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አስጎብኚ ይዘን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጋይሳይ ደረስን። አስጎብኚያችን በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ የዚያው አካባቢ ተወላጅ የሆኑ ሰው ናቸው። ከሰዓት በኋላ የመረጥነው በእርሳቸው ምክር ነው፤ ፀሐይዋ ስትበረታ አጋዘኖቹ በአምጃውና በኮሶው ዛፍ ሥር፣ በቁጥቋጦው ውስጥ ተኝተው ያመሰኳሉ፤ ብርዱ መውረድ ሲጀምር ደግሞ ለግጦሽ ወደ ሜዳው ዳር ይወጣሉ። «ሊያዩዋቸው ከፈለጉ መሄድዎን ይተዉና ይቀመጡ» አሉኝ። ባልደረባዬ ቀይ ጃኬት ለብሶ ስለነበር እንዲያወልቀው ጠየቁት፤ አውልቆ ብርዱን ሲቀምሰው ወዲያው መልሶ ለበሰውና፣ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ «መኪና ውስጥ ሆኜ አያለሁ» ብሎን ሄደ። ያየው ነገር ቢኖር የእንቅልፉን ሕልም ነው።

ሳፋሪ የሚለው ቃል ወደ እኛ የመጣው ከስዋሂሊ ነው፤ ስዋሂሊውም ከዓረብኛው «ሰፈር» የወሰደው ሲሆን፣ ትርጉሙ ጉዞ ማለት ነው። የእኛው ሰፈር ደግሞ በተቃራኒው ሰው ጓዙን አውርዶ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ሁለቱ ቃላት ይዛመዱ እንደሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ይከራከሩበት፤ ያን ቀን ከአንድ ያረጀ የኮሶ ዛፍ ሥር ጀርባዬን አስደግፌ ስቀመጥ ግን የእኔ ሳፋሪ በእኛው ሰፈር ትርጉም እንደሚሆን ገብቶኝ ነበር።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ምንም አላየሁም። ይህን የምለው ምንም ስላልነበረ አይደለም። የከተማ ሰው ዓይን ማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ የለመደ ነው፤ የሚፈልገው ትልቅና ደማቅ ነገር ወዲያው ካልቀረበለት ወደ ሌላ ቦታ ይሮጣል። ባይኖኩላሬን ከአንዱ ቁጥቋጦ ወደ ሌላው ስወረውር አስጎብኚያችን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ዓይንዎን አያሩጡት፤ አንድ ቦታ ላይ ያሳርፉት፤ የሚንቀሳቀሰው ራሱ ይጠራዎታል» አሉኝ። እንዳሉኝ ዓይኔን ከፊት ለፊቴ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ በነበረ ባዶ ሣር ላይ አሳረፍሁ። ባዶ ያልሁት ሣር ውስጥ አንድ ቁራ ነበር።

ቁራ አዲስ አበባም አለ፤ የዚህን ያህል ግን አስተውዬው አላውቅም። ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ምንቃሩ ከጭንቅላቱ የከበደ የሚመስል ትልቅ ወፍ ነው። የደረቀ የከብት ፋንድያ አግኝቶ በዚያ ወፍራም ምንቃሩ ግራና ቀኝ እየበተነ ከውስጡ ትል ይለቅማል፤ አንዱን ሲጨርስ እየተንጎራደደ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ገበያ ላይ ዕቃ እያገላበጠ ዋጋ የማይጠይቅ ሰው ይመስላል። አንድ ሙሉ ሩብ ሰዓት እርሱን ብቻ ሳይ ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ቀስ በቀስ ይሞላ ጀመር። በአጥር እንጨት ላይ ጡቱ ነጭ፣ ጅራቱ ዝገት የመሰለ ጭልፊት መሳይ አሞራ ቆሞ አይጥ ይጠብቃል። ወንዙ ዳር ክንፋቸው ላይ ሰማያዊ መደብ ያለባቸው ሁለት ዝዮች ጎን ለጎን ይግጣሉ። ሣሩ መካከል ጉሮሮዋ ቢጫ፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ሐብል ያሰረች የምትመስል ትንሽ ወፍ ጉብታ ላይ ወጥታ ትዘምራለች።

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና ያየኋቸውን ለመጻፍ ሞከርሁ። ችግሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። «ቁራ» ብዬ ጻፍሁ፤ ደኅና። «ዝይ» ብዬ ጻፍሁ፤ ይህም ይሁን። ከዚያ ቀጥሎ የጻፍሁት «አሞራ»፣ ከእርሱ ሥር «ወፍ»፣ ከእርሱም ሥር «ሌላ ወፍ» የሚል ነበር። ከ850 በላይ የአእዋፍ ዝርያ ባለበት አገር ተወልጄ፣ ተምሬ፣ ጎልምሼ፣ ትልቁን ሁሉ አሞራ፣ ትንሹን ሁሉ ወፍ ከማለት በቀር ቃል የሌለኝ ሰው መሆኔ በቀለም ተጽፎ ከፊቴ ተቀመጠ።

አማርኛን መውቀስ ቀላል ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። አማርኛ ቆቅና ጅግራን ይለያል፤ ዋኔና እርግብን ይለያል፤ ጭላት፣ ጭልፊት፣ ንስር፣ ጥምብ አንሳ፣ ግንደ ቆርቁር፣ እርኩም፣ ሳቢሳ የሚሉ ስሞች አሉት። እነዚህን ቃላት አያቴ ይጠቀሙባቸው ነበር፤ እኔ ግን ቃሎቹን እንጂ ወፎቹን አልወረስሁም፤ ጭላትና ጭልፊትን አቅርበው የትኛው የትኛው ነው ቢሉኝ አላውቅም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ካየኋቸው መካከል የብዙዎቹን ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ግን ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ሰው ነው። ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ መጥቶ ሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን አይቶ ሲመለስ ቆዳና ላባ ይዞ ሄደ፤ ያን ወፍራም ምንቃር ቁራ፣ ሰማያዊ ክንፍ ያላቸውን ዝዮች፣ በአጥሩ እንጨት ላይ የቆመውን አይጥ ጠባቂ አሞራ ለዓለም መዝግቦ ያስተዋወቀው እርሱ ነው። ቀይ ቀበሮንም እንዲሁ፤ በሰሜን ተራሮች ስም ስለሰየመውም፣ ዛሬ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ ጎልማሳ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ላይ እየኖሩ በሳይንሳዊ ስማቸው አሁንም የሰሜን ሰዎች ናቸው።

ከአሥር ሰዓት በኋላ አስጎብኚያችን ወደ አንዲት ጠባብ ምንጭ ወሰዱኝ። ስንሄድ የረገጥነው ጭቁኝ ሽታው ጫማችንን ተከትሎ ይመጣል። ምንጩ ዳር፣ ከእግራችን ሦስት እርምጃ በማይርቅ ቦታ፣ ዶሮ የምታክል ቡናማ ወፍ ከሣሩ ወጥታ ጭቃውን እየጫረች መሄድ ጀመረች። በእያንዳንዱ እርምጃዋ ጅራቷን ወደ ላይ ትመታለች፤ በመታችው ቁጥር ከጅራቷ ሥር ያለው ነጭ ላባ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ብልጭ ይላል። አትፈራም። ሰው መሆናችንን ከቁም ነገር የቆጠረችውም አትመስልም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የማትገኝ ይህች ወፍ፣ በመጽሐፍ ሩዤ በሚባል የውጭ ሰው ስም ነው የምትጠራው። አስጎብኚያችን በኦሮምኛ ስሟን ነገሩኝ፤ በእኔ አጻጻፍ እንዳላበላሸው ብዬ እዚህ አላሰፍረውም። ከዚያም በቅንነት፣ ምንም ተንኮል ሳይኖርበት፣ «በአማርኛስ ምን ትሏታላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እንጃ» አልሁ። ከእንጃ የተሻለ መልስ ባለመኖሩ፣ ደብተሬ ላይ «ጅራቷን የምትመታ የምንጭ ዳር ዶሮ» ብዬ ጻፍሁ። ስም አይደለም፤ ግን ቢያንስ ያየሁት ነገር ነው።

በዚህ መካከል ከበስተግራችን ካለው ረግረግ ስለታም ፉጨት ተሰማ። ሰው መስሎኝ ዞር ስል አስጎብኚያችን «በሆር ነው» አሉኝ፤ መጥቶብኛል ብሎ የሚያስጠነቅቅ በሆር። ቀላ ያለች፣ ቀጭን፣ ሣሩ እስከ ደረቷ የዋጣት፣ ከአጋዘን ወገን የሆነች አንዲት እንስት ቆማ ታየናለች። በዚህስ እንኳ አማርኛ አልተበደለም፤ ይህ እንስሳ በእንግሊዝኛም፣ በሳይንሳዊ ስሙም ውስጥ ቦሆር እየተባለ የሚጠራው ከእኛው ቋንቋ ተወስዶ ነው። ያንን ስም የጠየቀ አንድ የውጭ ሰው ነበር፤ መልሱን የሚያውቅ አንድ የአገር ሰው ደግሞ ከጎኑ ነበር።

ከዚያ አጋዘኖቹ መጡ። መጡ የሚለው ቃል ትክክል አይደለም። ወንዱን ሳየው ቀድሞውንም እዚያ ነበር፤ ለሩብ ሰዓት ስመለከተው የነበረው የቁጥቋጦ ጥላ ጆሮውን አወዛወዘና አጋዘን ሆነ። ከእርሱ ቀጥሎ አንዲት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ቀንድ የሌላቸው አሥራ አንድ እንስቶችና ግልገሎች እየተከተሉ ወደ ሣሩ ወጡ። እንስቶቹ ቀላ ያሉ ናቸው፤ ወንዱ ግን ጥቁርነት የሚቃጣው ግራጫ ሲሆን፣ ከጀርባው ላይ ጋማ የመሰለ ፀጉር ተዘርግቶ፣ ጎኑ ላይ ፈዘዝ ያሉ ነጭ መስመሮች፣ ታፋው ላይ ነጠብጣቦች፣ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ነጭ ምልክት አለው። ቀንዱ አንድ ጊዜ ወጥቶ ይዞርና እንደገና ወደ ውጭ ይከፈታል። ትልቅ ወንድ እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል ይባላል፤ ይህ ሁሉ ክብደት ሲራመድ ግን አንድ ቅጠል እንኳ ሲሰበር አልሰማሁም። ሣሩን እንደ በሬ አይግጥም፤ እየመረጠ ከቁጥቋጦው ጫፍ፣ ከቅጠላ ቅጠሉ ይቀነጥባል፤ ሦስት ጊዜ ቀንጥቦ ቀና ይልና ያዳምጣል።

ይህን የሚያህል እንስሳ ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 መሆኑ ያስገርማል፤ ከአፍሪካ ትልልቅ የአጋዘን ወገኖች መጨረሻ ላይ የተመዘገበው እርሱ ነው። ስሙም ከሁለት ዓመት በፊት ለገደለው እንግሊዛዊ አዳኝ ለበክስተን ተሰጠ። ለባሌ ሰው ገደምሳ ነበር፤ ማንም እስኪያገኘው የሚጠብቅ አልነበረም። በ1960ዎቹ አጋማሽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሌስሊ ብራውን የተባለ ተመራማሪ እዚህ መጥቶ አጋዘኖቹን ካጠና በኋላ አካባቢው እንዲጠበቅ ሐሳብ አቀረበ፤ ፓርኩም ከዚያ በኋላ ተቋቋመ። ይሁን እንጂ መጠበቅ ማለት መትረፍ ማለት አልሆነም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ ጠባቂ በሌለበት በዚያ ወቅት፣ ብዙ አጋዘን ተገደለ፤ ከተረፉት አንዳንዶቹ መሸሸጊያ ያገኙት ዲንሾ ላይ ባለው የጽሕፈት ቤቱ አጥር ውስጥ ነበር። እስከ ዛሬም እዚያ ግቢ ውስጥ ከከርከሮና ከድኩላ ጋር ተቀላቅለው ሰው ሳይፈሩ ይዞራሉ። አስጎብኚያችን ያንን ዘመን በጎልማሳነታቸው ዋዜማ ያዩ ናቸው፤ ብዙ አላወሩልኝም፤ «ያኔ ተኩስ እንጂ ወፍ አይሰማም ነበር» ብለው አለፉት።

ሳንቲሙን ይዤ ሄጄ ነበር። ከእናቴ የልብስ ስፌት ቆርቆሮ ውስጥ ከቁልፎች መካከል ያገኘሁትን አንድ ዐሥር ሳንቲም ከኪሴ አውጥቼ ለማነጻጸር አስቤ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እጄን ማንቀሳቀስ አልፈለግሁም። እዚያው ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሜዳው ውስጥ ከብቶች ገቡ፤ ከኋላቸው ፈረስ ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ እያፏጨ ይነዳቸዋል። አጋዘኖቹ አልሮጡም፤ ቀስ ብለው አንድ በአንድ ወደ ቁጥቋጦው ተመለሱ። ፓርክ ነው፤ ከብት ባይገባበት ይመረጣል፤ የግጦሹ ብዛትና ከመንደር የሚመጣው ውሻ ለቀበሮዎቹ የሚያመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ለባሌ ከባድ ፈተና መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ያን ልጅ ጣቴን ልቀስርበት አልቻልሁም፤ ያ ሜዳ ለእኔ የአንድ ከሰዓት በኋላ ደስታ ሲሆን ለእርሱ ቤት ነው። ደግሞም ይህን እንስሳ ሁሉ ስም እየሰጠ ያቆየው የእርሱ ወገን ነው። በባሌ ቀይ ቀበሮን ጄዳላ ፈርዳ ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ፈረስ ወይም ላም ልትወልድ ስትቃረብ ቀበሮው እንግዴ ልጁን ለመብላት ከኋላ ከኋላዋ ስለሚከተል ነው ተባልሁ። እኛ ቀይ ስንል ያየነው ፀጉሩን ነው፤ እነርሱ ግን ስሙን ለማውጣት ከፈረሷ ኋላ ማን እንደሚሄድ ለብዙ ሌሊት ማየት ነበረባቸው።

ብርዱ ጠነከረ። ደመና ከተራራው ወርዶ የሜዳውን አንድ ወገን ሸፈነው። ሣሩን ሊነካ ምንም ያልቀረው አንድ ግራጫ ቀጭን ጭልፊት ክንፉን ሳያርገበግብ እያጋደለ ሲያልፍ አስጎብኚያችን በአገጫቸው አመለከቱኝ፤ ይህኛው የእኛ አይደለም፤ ከሩሲያና ከካዛኪስታን ሜዳዎች ክረምቱን ሸሽቶ የመጣ እንግዳ ነው፤ መጋቢት ላይ ይመለሳል። እንግዳውም እኔም አንድ ሜዳ ላይ፣ አንድ ብርድ ውስጥ፣ ለተለያየ ነገር አጎንብሰን እንፈልጋለን። ደብተሬ ላይ «ግራጫ፣ ሩሲያ» ብዬ ጻፍሁ፤ እጄ ስለደነዘዘ ፊደሉ ተጣሟል።

ወደ መኪናው መመለስ ስንጀምር ከዌብ ወንዝ አቅጣጫ አንድ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ብዙ፣ እየተቀባበለ የሚሰማ፣ ጎርናና፣ በሠርግ ቤት ከጓሮ የሚመጣ የሴቶች ሳቅ የሚመስል። ሰባት ወይም ስምንት ትልልቅ ጥቁር ወፎች፣ ክንፋቸው ላይ ነጭ ጣል ያደረጉ፣ ረጅሙ ምንቃራቸው ወደ ታች የቆለመመ፣ እየተንጫጩ ከራሳችን በላይ አልፈው ወደሚያድሩበት ገደል በረሩ። ደብተሬን አውጥቼ «ሌላ አሞራ» ብዬ ልጽፍ ስል አስጎብኚያችን ቆም ብለው፣ በአማርኛ፣ እኔን ለማስታወስ ያህል፣ «ጋጋኖ» አሉ።

ቃሉን አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ኦሪት ዘሌዋውያን ሲነበብ፣ ከማይበሉት አእዋፍ መካከል፣ ከጉጉትና ከእርኩም ተርታ ሲጠራ ሰምቼዋለሁ፤ በሩቅ አገር፣ በጥንት ዘመን የነበረ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለስንት ዓመት ስም ብቻ ሆኖ ጆሮዬ ውስጥ የኖረው ወፍ አሁን ላባና ድምፅ ኖሮት ከራሴ በላይ እየሄደ ነው። ሦስቱን ፊደል በጨለማ ጻፍኋቸው፤ በማግሥቱ ሳየው ሁለቱ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ነበር።

መኪናው ጋ ስንደርስ ባልደረባዬ ቀይ ጃኬቱን እስከ አፍንጫው ስቦ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «እህ፣ ምን አያችሁ?» አለን።

«ጋጋኖ» አልሁት።

«ምንድን ነው ደግሞ እሱ?»

አስጎብኚያችን ሳቁ። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሩቅ፣ ከገደሉ በኩል ተሰማ፤ መብራቱን ገና እንዳያበራ በእጄ ከለከልሁትና ጣቴን ወደዚያ አመለከትሁ።